የመጫወቻው አናጢ
ልጆች የእውነተኛ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል የሚገጣጥሙበት የሌጎ ጡብ የመጣው ከአንድ አናጢ ቤት ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ1891 በዴንማርክ ገጠር ተወለደ። በ1932 በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ጠፋ፤ ሚስቱም ሞተችበትና ከአራት ልጆች ጋር ቀረ። ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። በ1942 ፋብሪካው ቢቃጠልም መልሶ ሠራው። በ1949 የፕላስቲክ ጡብ ለገበያ አቀረበ፤ ግን ውስጡ ባዶ ስለነበር ቶሎ ይላቀቅ ነበር። በጃንዋሪ 1958 ውስጡ ቱቦ ያለው ጡብ ተመዘገበ፤ ኦሌ በማርች አረፈ። ዛሬ ሎኮሞቲቩ ሐዲዱ ላይ ሲሮጥ ጡቦቹ የማይላቀቁት በዚያች ቱቦ ነው። ጓደኞቼ፣ ነገ ክፍል ስንገባ መጫወቻን አንናቅ፤ ልጅ ልኬትና ትዕግሥት የሚማረው በእጁ ሲሠራ ነው።