ያላለቀ ሥራ የሚሞከርበት ክፍል፦ የኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ሕይወት

የማኅበራችን የባህል ምሽት በደረሰ ቁጥር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ዝግጁ ነው? ግጥሙን የጨረሰ፣ ድራማውን ያጠና ይመዘገባል። ገና እየጻፈ፣ ገና እየሞከረ ያለው ለከርሞ ይባላል። ከርሞ ሲመጣም ያው ነው። በዚህ እትም የምናስታውሰው ሰው ለዚያ ላልጨረሰው ወጣት ቦታ ሲፈልግ የኖረ፣ በዚህም ገንዘቡን የከሰረ ሰው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮንስታንቲን ሰርጌዬቪች አሌክሴየቭ በ1863 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ የወርቅና የብር ክር ፋብሪካ የነበረው ሀብታም ነጋዴ ነበር። አባቱ በገጠር ርስታቸው በሊዩቢሞቭካ ለልጆቹ ትንሽ ቲያትር ቤት ሠራላቸው፤ ኮንስታንቲንም በ14 ዓመቱ እዚያ መድረክ ላይ ወጣ። በዚያ ዘመን ለትልቅ ነጋዴ ልጅ ተዋናይ መባል ክብር አልነበረም። ስለዚህ ካደገ በኋላ ቀን ቀን በፋብሪካው እየሠራ፣ ማታ ማታ ስታኒስላቭስኪ በሚል ስም ተሸሽጎ ይተውን ጀመር።

በ1897 ከጸሐፌ ተውኔቱ ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር ሞስኮ በሚገኝ ምግብ ቤት ለምሳ ተገናኙ። ወሬያቸው 18 ሰዓት ያህል ፈጅቶ በማግሥቱ ጠዋት ሲያበቃ የሞስኮ አርት ቲያትር ተጸንሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በጋ ግን ገና የራሳቸው ቲያትር ቤት አልነበራቸውም። ከሞስኮ ወጣ ብላ በምትገኘው በፑሽኪኖ አንድ ጎተራ ተሰጣቸውና እዚያ ተለማመዱ። ማጽዳቱና ሻይ ማፍላቱ ተራ ነበረው። የመጀመሪያው ተረኛ ራሱ ስታኒስላቭስኪ ሆነ፤ ባለሀብቱ ሰውዬ ውኃ ሳይጨምር ከሰሉን አቀጣጥሎ ሳሞቫሩን አቃጠለው።

ከዚያ ጎተራ የወጣው ቡድን በታኅሣሥ 1898 የአንቶን ቼኾቭን «ሲጋል» አሳየ። ይህ ተውኔት ከሁለት ዓመት በፊት በሴንት ፒተርስበርግ በቂ ልምምድ ሳያገኝ ቀርቦ ክፉኛ ወድቆ ነበር። ሞስኮ ላይ ግን ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው፤ ቲያትር ቤቱም ስሙ ገነነ።

ዝናው ግን ችግር ይዞ መጣ። ትኬት ገዝቶ የሚገባ ሰው ያለቀ ነገር ይፈልጋል፤ ስሙን ማስጠበቅ ያለበት ቲያትር ቤትም የማያውቀውን ነገር መሞከር ይፈራል። ስታኒስላቭስኪ ይህን ሲረዳ በ1905 ፖቫርስካያ በተባለው የሞስኮ መንገድ ላይ ሌላ ቤት ተከራየ፤ ወጪውንም ከኪሱ ቻለ። ቤቱ ሙሉ ቲያትርም የጀማሪ ትምህርት ቤትም ስላልነበረ ስቱዲዮ ተባለ። የሚመራው ቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ ነበር። ሜየርሆልድ በ«ሲጋል» ውስጥ አዲስ ዓይነት ተውኔት ጽፎ ቢያሳይ ቤተሰቡ የሳቀበትን ወጣት የተጫወተ፣ በኋላም ቡድኑን ትቶ የወጣ ሰው ነው።

ወጣቶቹ በበጋ የሠሩትን በፑሽኪኖ ሲያሳዩ ሥራው ተስፋ ሰጪ ነበር። መከር ላይ ግን ሁሉም ነገር ወደ ትልቅ አዳራሽ ገባ። ኦርኬስትራ ተጨመረ፤ ወጣት ሠዓሊዎች ያዘጋጁት ገጸ መድረክ ቆመ። በአጠቃላይ ልምምዱ ዕለት የተዋንያኑ ልምድ ማነስ ፈጥጦ ታየ። ከተማውም በሥራ ማቆም አድማና በአብዮት ይናጥ ነበር። ስታኒስላቭስኪ ስቱዲዮውን ለሕዝብ ሳይከፍት ዘጋው፤ ለተዋንያኑ የሚገባቸውን ከፍሎ ኪሳራውን ተሸከመ። ሜየርሆልድም እንደገና ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ፣ ለሙከራ የተከፈተው ቤት የወደቀው እንደ ትልቅ ቲያትር ይመረቅ ሲባል ነው። በጎተራው ውስጥ የቆመው ሥራ የአዳራሹን መብራት አልቻለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ገና እንቁላል ሳለ ሩጥ ተባለ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1906፣ ስታኒስላቭስኪ ራሱ ተዋናይነቱ ተጠራጠረ። ደጋግሞ የተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት ውስጣቸው ሞቶ እንቅስቃሴያቸው ብቻ እንደቀረ ገባው። ፊንላንድ ለዕረፍት ሄዶ የድሮ ማስታወሻዎቹን ማገላበጥ ጀመረ፤ ዛሬ ድራማ የሚማር ሁሉ የሚያጠናው ዘዴ መነሻው ይህ ነው። ይሁንና በገዛ ቲያትር ቤቱ ያሉት አንጋፋ ተዋንያን አዲሱን ልምምድ አልወደዱትም። ስም ካወጡ በኋላ እንደ ተማሪ መሳሳት ከበዳቸው።

ስለዚህ በ1912 እንደገና ወደ ወጣቶች ዞረ፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮም ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ግን ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ ቦታውን አሳነሰው። ከፍ ያለ መድረክ አልነበረም፤ ተመልካቹና ተዋናዩ በአንድ ወለል ላይ ነበሩ። ሁለተኛ፣ ወጣቶቹን የሚጠብቅ ሰው አደረገላቸው። ሌዎፖልድ ሱለርዢትስኪ የቶልስቶይ ተከታይ ነበር፤ መሣሪያ አልይዝም ብሎ የታሰረ፣ በእምነታቸው ምክንያት የሚሳደዱ ዱኾቦር የተባሉ ገበሬዎችን ወደ ካናዳ ያሻገረ ሰው። በስቱዲዮው ማንም ሐሳቡን የሚጽፍበት የጋራ መዝገብ ነበረ። በበጋም ስታኒስላቭስኪ በጥቁር ባሕር ዳርቻ በገዛው መሬት ላይ ወጣቶቹ ከሱለርዢትስኪ ጋር አብረው እየሠሩ ይኖሩ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራቸው የመጣው ከራሳቸው ነው። ሪቻርድ ቦሌስላቭስኪ የተባለ በ20ዎቹ ዕድሜ የነበረ ተዋናይ ጓደኞቹን ሰብስቦ ስለ ዓሣ አጥማጆች የሚተርክ ተውኔት ማዘጋጀት ጀመረ። በትልቁ ቲያትር ሥራ ስለነበራቸው የሚለማመዱት በተረፋቸው ሰዓት ነበር። በ1913 መጀመሪያ ሥራውን ያሳዩት በቅድሚያ ለስታኒስላቭስኪና ለቲያትር ቤቱ ባልደረቦች ብቻ ነው፤ ወደ ሕዝብ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያች ትንሽ ክፍል ዬቭጌኒ ቫክታንጎቭና ሚካኤል ቼኾቭ ወጡ። ቦሌስላቭስኪ ኒውዮርክ ሄዶ የራሱን የቲያትር ላቦራቶሪ ከፈተ፤ ሊ ስትራስበርግና ስቴላ አድለር እዚያ ተማሩ፣ እነሱም የአሜሪካን የትወና ትምህርት ቀየሩት። ስታኒስላቭስኪ ግን ዋጋ ከፍሏል። ልጆቹ ሲጎለምሱ በ1924 ስቱዲዮው ራሱን የቻለ ቲያትር ሆኖ ተለየው፤ መለየቱም አሳዘነው።

ከአብዮቱ በኋላ ፋብሪካውና ቤቱ ተወርሰው ነበር። በ1921 በተሰጠው መኖሪያ ውስጥ አምዶች የቆሙበት ሳሎን ነበረ፤ ያንን ሳሎን ለወጣት ኦፔራ ዘፋኞች የልምምድ ቦታ አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት «ዬቭጌኒ ኦኔጊን»ን ሲያሳዩ አምዶቹ የትርኢቱ አካል ሆኑ፤ በኋላም የቡድኑ መለያ ምልክት። በ1928 መድረክ ላይ ሳለ ልቡን ታመመ፤ ከዚያ በኋላ አልተወነም። ሆኖም በ1935፣ በ72 ዓመቱ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ስቱዲዮ ከፍቶ ከወጣቶች ጋር ከሀሁ ጀመረ።

በ1938 መጀመሪያ መንግሥት የሜየርሆልድን ቲያትር ዘጋ። በዚያ የፍርሃት ዘመን ስሙ የጠፋን ሰው መጠጋት አደገኛ ስለነበር ብዙዎች ሸሹት። በሕመም ቤት የዋለው ስታኒስላቭስኪ ግን በኦፔራ ቲያትሩ ሥራ ሰጠው፤ ከ33 ዓመት በፊት አብረው የዘጉትን በር እንደገና የከፈተለት ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 7 ስታኒስላቭስኪ አረፈ። ሜየርሆልድ በ1939 ታሰረ፣ በ1940 ተረሸነ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ጎተራም ሳሎንም ባይኖረን ማታ ማታ ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች አሉን። ከባህል ምሽቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ማታ ብንከፍት፣ ሃያ ወንበር ብንደረድር፣ ግጥሙን ግማሽ ያደረሰው ግማሹን ቢያነብልን ይበቃል። ፖስተር አያስፈልግም፤ ካሜራም ባይኖር ይመረጣል። ሻይ የሚያፈላ ተረኛ ግን ያስፈልጋል፤ ውኃውን እንዳይረሳ።