የደብረ ሲናው ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ
(«አደፍርስ»ን ጀምረው ለተዉ ጓደኞቻችን)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣርማ በር ይደርሳል። ደጋው እዚያ ላይ በድንገት ያልቃል። መኪናው ጣሊያን በቈፈረው ዋሻ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ከፊት ገደልና ጉም ይቀበለዋል፤ ከጉሙ በታች ደብረ ሲና፥ ከደብረ ሲና በታች አርማንያ፥ ከዚያም ወዲያ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ይገኛሉ። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ከቀትር በፊት ጋቢውን አጥፎ ላቡን ይጠርጋል። ገብስና ባቄላ ሲያይ የመጣው ዓይኑም ማሽላና ማንጎ ማየት ይጀምራል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ ለዕረፍት ስንሄድና ስንመለስ እናውቀዋለን፤ በደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን በአውቶቡሱ መስኮት ያየነውን እያየን አልፈናል። ከዚህች የደጋና የቆላ መገናኛ ከሆነች ከተማ የተገኘ አንድ ታላቅ ደራሲ ግን አለ። ዛሬ ስለ እኒህ ሰው ሕይወት፥ ከሥራዎቻቸውም መካከል በተለይ ስለ አንዱ ልብ ወለድ ለጓደኞቻችን ጥቂት ልንናገር አስበናል።

ዳኛቸው ወርቁ በ1928 ዓ.ም. በደብረ ሲና ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የጣሊያን ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ያለፈው በዚሁ በጣርማ በር ነው። ሕፃኑ ዳኛቸው አምስት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ አገሩ በጠላት እጅ ቈየ። ነፃነት ሲመለስና ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ለትምህርት ከደረሱት ልጆች መካከል እሳቸውም ነበሩ። ይህ ትውልድ ከቤተ ክህነት ጥላና ከባላገር ወግ መካከል ወጥቶ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረ፥ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ እግሩን ያኖረ ትውልድ ነው።

ዳኛቸው ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከታተሉ። ወደ አሜሪካም ተሻግረው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ጥበብን ቀሰሙ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነው ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል። በድርሰት ዓለም የጀመሩት በተውኔት ሲሆን «ሰው አለ ብዬ» የተባለው ከቀደሙት ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. «እምቧ በሉ ሰዎች» የተባለውን የግጥም መድበል አወጡ። በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደን ሃይነማን በተባለው አሳታሚ የአፍሪካ ደራስያን ተርታ ገብቶ ታተመ። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ ማለት ነው። ታሪኩም አንድ የታመሙ ፊታውራሪ በልጆቻቸው ታጅበው ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ሲወጡ የሚደርስባቸውን ይነግረናል።

ይሁን እንጂ ስማቸውን ከሁሉ በላይ የሚያስጠራው በ1962 ዓ.ም. በሠላሳ አራት ዓመታቸው ያሳተሙት «አደፍርስ» ነው። ስለዚህ መጽሐፍ በጓደኞቻችን ዘንድ የተለመደውን ነገር እናውቃለን። ከቤተ መጻሕፍት ይዋሱታል፥ ሠላሳ ገጽ ያህል ይገፉበታል፥ ከዚያም ከባድ ነው ብለው ይመልሱታል። እኛም ከመካከላችን ሁለታችን አንዴ አንዴ፥ አንዳችን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጀምረን ትተነዋል። ይህን የምንናገረው ያለ ኀፍረት ነው፤ ከጨረስነው በኋላ ግን የተዉት ሁሉ ተመልሰው እንዲይዙት መለመን ግዴታችን ሆኖ ታየን።

ከባድ የሚመስልበት ምክንያት ምንድን ነው? ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያልሰማ ጥቂት ነው። በዚያ መጽሐፍ ደራሲው እጃችንን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ያደርሱናል። ዳኛቸው ግን እጅ አይዙም። በር ከፍተው ያስገቡንና ትተውን ይሄዳሉ። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፥ ይከራከራሉ፥ ይተራረባሉ፤ ማን ልክ እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። አንባቢው እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ከንግግሩ ሰውየውን ማወቅ አለበት። ያንን ያልለመደ ሰው ታሪኩ የቆመ ይመስለዋል። ሆኖም የባላገር ቤት ገብቶ ማታ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚያም ጨዋታው ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ወደ ቁም ነገሩ የሚደርሰው።

ታሪኩ የሚውለው ደራሲው በተወለዱበት በደብረ ሲና አካባቢ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ የሚባሉ ባለ መሬት አሉ፤ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ፥ ወጋቸውን አክባሪ ናቸው። ልጃቸው ጽዮኔ አለች። ሮማን፥ ጎርፉና በለውም አሉ። በእነዚህ ሰዎች መካከል ነው ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት አደፍርስ የሚገባው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ውሃ ካልደፈረሰ አይጠራም የሚለውን የአገራችንን ተረት ያስታውሷል። አደፍርስ ስለ ሃይማኖት፥ ስለ መሬት፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ሥልጣኔ ከሁሉ ጋር ይሟገታል። የተማረ ነው፤ አእምሮው ስል ነው፤ ለአገሩም ይቈረቈራል። ችግሩ ሌላ ነው። መናገር የሚችለውን ያህል መስማት ይችላልን? ያደፈረሰውስ ውሃ እስኪጠራ ይታገሣልን? መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ግን አንናገርም፤ ያንን ከመጽሐፉ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር እናንሣ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለትምህርታችን መጠይቅ ይዘን ወደ ይፋት ቆላ ወርደን ነበር። ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቅ መንደር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠውን ውሃ አጠጡን፤ ጥያቄያችንንም አንድ በአንድ መለሱልን። እኛም በሣጥኖቹ ውስጥ ምልክት እያደረግን ቶሎ ቶሎ አለፍን። ጨርሰን ስንነሣ ሽማግሌው ፈገግ ብለው፥ ስለ ልጆቻችሁ ብዛት ጠየቃችሁኝ፥ ስለ በሬዎቼ ጠየቃችሁኝ፥ የሚያሳስበኝን ግን አልጠየቃችሁኝም አሉን። ያን ጊዜ ጀንበር አዘቅዝቃ፥ መኪናውም ጡሩንባ እየነፋ ነበርና ይቅርታ ብለን ሄድን። የሚያሳስባቸው ነገር ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። «አደፍርስ»ን እንደገና ያነሣነው ከዚያ ጉዞ በተመለስን ሳምንት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሠላሳኛው ገጽ ላይ አልቆምንም። ከነገር ጥማቱ ጋር ከሰው ቤት የገባውን ወጣት ስናይ ራሳችንን አየን።

ዘመኑን ልብ ማለትም ይገባል። መጽሐፉ ከመውጣቱ አምስት ዓመት በፊት በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከወጣ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና እንደ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉ ባለ መሬቶች ሥርዐት በሕግ አበቃ። በዚያው ዓመት ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ዳኛቸው በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ቆመው፥ ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፥ የተማረው ሰው ከባላገሩ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረውን ግጭት አሳዩ። ባለ መሬቷን አሽቀንጥሮ መሳል ቀላል ነበር፤ ተማሪውን ቅዱስ አድርጎ መሳልም ቀላል ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ለወይዘሮ አሰጋሽም ለአደፍርስም እኩል አንደበት ሰጡ። ደጋውንም ቆላውንም ከአንድ ሰገነት እያየ ላደገ የደብረ ሲና ልጅ ይህ የሚገባ ፍርድ ይመስለናል።

እንከን የለውም አንልም። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ይረዝማል፤ አደፍርስም አልፎ አልፎ መምህር ሆኖ ይቀርባል። አንዳንዱም ቃል የሸዋን ባላገር አነጋገር ለማያውቅ ሰው ያስቸግራል። ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው። ብቻችሁን አትያዙት፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተራ በተራ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። የሰዎቹን ስም በወረቀት ላይ ጻፉ። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አትቸኩሉ፤ የሚናገረው ማን እንደ ሆነና ለምን እንደሚናገር ብቻ ጠይቁ። ያልገባችሁን ቃል ከአካባቢው የመጣ ጓደኛ ጠይቁ፤ በዚህ ግቢ ከይፋትና ከመንዝ የመጣ ተማሪ አይታጣም። እኛ በዚህ መንገድ በአራት ማታ ጨርሰነዋል፤ በአንድ ወይዘሮና በአንድ ወጣት ምክንያትም እስከ እኩለ ሌሊት ተጣልተናል።

ዳኛቸው ወርቁ በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ለተማሪና ለጀማሪ ጸሐፊ አበርክተው፥ በ1987 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከደብረ ሲና ተነሥተው ሩቅ የደረሱት እኒህ ሰው የትውልድ መንደራቸውን ለቅቀው ቢሄዱም በመጽሐፋቸው ውስጥ ተመልሰው ኖረውበታል። እኛ ደግሞ ነገ ተመርቀን ወደ ማናውቀው ወረዳ እንመደባለን። አንዱ መምህር፥ አንዱ የጤና ባለሙያ፥ አንዱ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ይቆማል። ከዚያ በፊት አደፍርስን ቢያገኘው ይበጀዋል እንላለን። መጽሐፉን የምታገኙ ሁሉ ጀምሩት፤ የጀመራችሁም አትተዉት። እኛም በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቆላው ስንወርድ ያንን ሽማግሌ ፈልገን፥ መጠይቁን በቦርሳ ትተን፥ የሚያሳስባቸውን ለመስማት ተስማምተናል።