የትንሹ ልዑል ደራሲ

ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሽፋኑ ቶሎ ያለቀው ወፍራሙ መዝገበ ቃላት ሳይሆን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰው ቀጭኑ መጽሐፍ «ትንሹ ልዑል» ነው። አንዱ አንብቦ ሳይመልሰው ሌላው ተራ ይይዛል፤ በዕረፍት ሰዓትም ስለ ጽጌረዳዋና ስለ ቀበሮው ስንከራከር ደወል ያመልጠናል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ግን የተተረጐመ መጽሐፍ ያደረ ወጥ ነው እያሉ ያፌዙብናል። (ያደረ የዶሮ ወጥ እንደሚጣፍጥ ዘንግተውት ይሆናል።) ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ የደራሲውን የአንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪን ታሪክ ለመጻፍ ቈረጥን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንትዋን በ1900 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አራት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለ ሞተ፣ እርሱንና አራቱን እኅትና ወንድሞቹን ያሳደገች እናቱ ናት። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ፍራንሷ በልጅነቱ ተቀጨ። በትምህርቱም ሁልጊዜ የቀናው አልነበረም፤ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ወድቋል። ይህን የምንጽፈው ለስንፍናችን ማመካኛ እንዲሆነን አይደለም።

በ1921 ዓ.ም. ለወታደርነት ሲጠራ አይሮፕላን ማብረር ተማረ፤ በ1926 ዓ.ም. ደብዳቤ በአየር ከሚያመላልስ ኩባንያ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በሰሐራ ምዕራባዊ ዳርቻ የካፕ ጁቢ ማረፊያ ሹም ሆኖ ተላከ። ሥራውም በበረሃ የወደቁ አብራሪዎችን መፈለግ፣ የተማረኩትንም ከአገሩ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ማስለቀቅ ነበር። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ አንዲት ትንሽ ጆሮ ረጅም የበረሃ ቀበሮ ያሳድግ ነበር። የመጽሐፉን ቀበሮ የወደድን ሁሉ ይህን ስናውቅ ደስ አለን።

በ1931 ዓ.ም. ስለ ሌሊት በረራ በጻፈው ልብ ወለድ በአገሩ ታላቅ ሽልማት አገኘ። ዳሩ ግን ለትንሹ ልዑል መነሻ የሆነው ሽልማት ሳይሆን ውድቀት ነው። በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከፓሪስ እስከ ሳይጎን በፍጥነት ለመብረር ከመካኒኩ ከአንድሬ ፕሬቮ ጋር ተነሥቶ ሳለ፣ በሌሊት አይሮፕላኑ ከሊቢያ በረሃ አሸዋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም በሕይወት ተረፉ፤ ነገር ግን የነበራቸው የሚጠጣ ነገር ለአንድ ቀን እንኳ የማይበቃ ነበር። ጠል በጨርቅ እያጠራቀሙ፣ በዓይናቸው የሌለ ነገር እየታያቸው ለቀናት ሲንከራተቱ ቆይተው፣ ሊሞቱ ሲሉ አንድ በግመል የሚጓዝ ዘላን አግኝቶ ውኃ አጠጣቸው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ደግመን ስናነብ፣ በበረሃ የወደቀው አብራሪ ጥምና የጕድጓዱ ውኃ ተረት ብቻ ሆነው አልታዩንም።

በ1940 ዓ.ም. ፈረንሳይ በጀርመን እጅ በወደቀች ጊዜ አንትዋን ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ስደተኞች ወገኖቹም እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ነበርና ከእነርሱም ጋር ሰላም አላገኘም። በ1942 ዓ.ም. ትንሹን ልዑል ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም በገዛ እጁ በውኃ ቀለም ሣለ። መጽሐፉንም በፈረንሳይ ተደብቆ ለሚኖረው አይሁዳዊ ወዳጁ ለሌዮን ቬርት መታሰቢያ አደረገው።

አሁን ጓደኞቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው። በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ መጽሐፉ በኒውዮርክ ሲታተም፣ የፈረንሳይኛው ቅጂና ካትሪን ዉድስ የተረጐመችው የእንግሊዝኛው ቅጂ በአንድ ጊዜ ወጡ። ከመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ብዙዎቹ ታሪኩን ያወቁት እንደ እኛው በትርጕም ነው። የደራሲው አገር ሰዎች ግን በጠላት ተይዘው ስለ ነበር በገዛ ቋንቋቸው ሊያነቡት አልቻሉም፤ በፈረንሳይ የታተመው ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ500 በሚበልጡ ቋንቋዎችና ዘዬዎች ይነበባል።

እርሱ ይህን ሁሉ አላየም። መጽሐፉ በወጣ ወር ኒውዮርክን ትቶ ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄደ፤ የእጅ ጽሑፉን ሲሰናበት ለአንዲት ወዳጁ በወረቀት ከረጢት አድርጎ ሰጣት። ለጦር አይሮፕላን ዕድሜው አልፏል ቢባልም ተማጥኖ አስፈቀደ። በ1944 ዓ.ም. ጁላይ 31 ቀን ከኮርሲካ ደሴት ብቻውን ተነሥቶ የጠላትን ይዞታ ፎቶግራፍ ሊያነሣ በረረ፤ አልተመለሰም። የ44 ዓመት ሰው ነበር።

ወዴት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በ1998 ዓ.ም. በማርሴይ አጠገብ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከመረቡ ውስጥ የብር አምባር አገኘ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከባሕሩ የወጣው ስብርባሪ የእርሱ አይሮፕላን መሆኑ በቍጥሩ ታወቀ። በአምባሩ ላይ የራሱ ስም፣ የሚስቱ የኮንስዌሎ ስም፣ እንዲሁም መጽሐፉን በሁለቱም ቋንቋ ያሳተመለት የኒውዮርክ ማተሚያ ድርጅት ስምና አድራሻ ተቀርጾ ነበር።