ጥላ የለካው ሊቅ ኤራቶስቴነስ

የዚህን ሊቅ ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው።

ኤራቶስቴነስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ276 ዓመት ገደማ በሰሜን አፍሪካ በቀሬና ከተማ ተወለደ። በኋላ መስቀል የተሸከመው ስምዖን የወጣባት ያችው ቀሬና ናት። በአቴና ከተማረ በኋላ የግብጽ ንጉሥ ሣልሳዊ በጥሊሞስ ወደ እስክንድርያ አስጠራውና የታላቁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። በየትምህርቱ ሁለተኛ ነው እያሉ ቤታ የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ሁለተኛ ብወጣ በቤታችን በግ ይታረድ ነበር።

ይህ ሰው በሲዬኔ፣ ማለት በዛሬዋ አስዋን፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እስከ ጉድጓድ ግርጌ እንደምታበራ ሰማ። በእስክንድርያ ግን በዚያው ሰዓት የቆመ ነገር ሁሉ ጥላ ይጥላል። የጥላውን ማዕዘን ቢለካው የክብ 50ኛ እጅ ሆነ፤ የሁለቱን ከተሞች ርቀት 5,000 ስታዲዮን በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን አለ። የስታዲዮን ልክ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ቢያከራክርም፣ አሁን ከምናውቀው 40,000 ኪሎ ሜትር ብዙ አልራቀም።

ሁሩሙም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ከሲሶ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በሚያዝያ 3 እና በነሐሴ 25 ቀን አካባቢ ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች። በነሐሴ የኢሉባቦር ሰማይ በደመና የተዘጋ ነው፤ ስለዚህ የሚያዝያው ካመለጠ ዓመት መጠበቅ ነው። አንድ ሜትር እንጨት በቱንቢ አቁመን ጠበቅን። መምህራችን ጥላውን እንጂ ፀሐይቱን እንዳናይ አጥብቀው አስጠንቅቀውናል። ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ግን 17 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጥላ ወደ ምዕራብ ተጋድሞ ነበር! ጓደኞቻችን ስቀውብን ለምሳ ሄዱ፤ እኔም ሊቁን ተጠራጠርሁት። ሦስታችን ብቻ ቀረን። ጥላው ቀስ በቀስ እያጠረ ሄዶ በ6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ከእንጨቱ ሥር ገብቶ ጠፋ። ስሕተቱ የሊቁ አልነበረም፤ የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በኦጋዴን በኩል በሚያልፈው በ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ በስተ ምዕራብ ወዳለነው ወደ እኛ ዘግይታ ትደርሳለች።

ኤራቶስቴነስ የዓባይ ሙላት ከላይኛው አገር ዝናብ እንደሚመጣ መግለጹም ይነገርለታል። የእኛ ሶር በገባና በባሮ አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳልና፣ በዚያች በሲዬኔ አጠገብ ከሚያልፈው ውኃ ጥቂቱ የኢሉባቦር ዝናብ ነው።

በሽምግልናው ዓይኑ ታወረ። ማንበብ ስለ ተሳነው እህል አልቀምስም ብሎ በ80 ዓመቱ ገደማ በእስክንድርያ እንደ ሞተ ይተርካሉ።