ጂሚ ሄንድሪክስና ከሞተ በኋላ የተነካኩት ቴፖቹ

ስቶክሆልም ውስጥ ሆቶርየት ገበያ ወርዶ ሽንኩርትና ቲማቲም የገዛ ሐበሻ ሁሉ አጠገቡ ያለውን ሰማያዊ ሕንጻ ያውቀዋል። ኮንሰርትሁሴት ይባላል። በ1926 ተመረቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ከሰላሙ በቀር የኖቤል ሽልማት በየዓመቱ የሚሰጠው እዚያ ነው። ጃንዋሪ 9 ቀን 1969 ግን በዚያ መድረክ ላይ የቆመው ፕሮፌሰር ሳይሆን ትምህርቱን አቋርጦ ከሲያትል የወጣ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ በዚያ ምሽት ሁለት ጊዜ ተጫወተ፤ ቅጂውም እስከ ዛሬ አለ። በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ማታ ማታ የድሮ ቅጂዎችን ከታደሱት ጋር እያነጻጸርኩ መስማት እወዳለሁ። የዚህን ሰው ያህል ሥራው ከሞተ በኋላ ሲጎተት የኖረ ግን ብዙ አላውቅም።

ሄንድሪክስ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 ተወለደ። መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ነበር፤ ወታደር የነበረው አባቱ አል ከጦርነቱ ሲመለስ ጄምስ ማርሻል ብሎ ለወጠው። ቤቱ የድሃ ቤት ነበር። ወላጆቹ ተፋቱ፤ እናቱ ሉሲል በ1958 ሞተች። የመጀመሪያ ጊታሩ የተገዛውም በዚያን ሰሞን ነው፣ በ5 ዶላር። ግራኝ ስለነበረ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና አስሮ ይጫወት ጀመር፤ እስከ መጨረሻውም እንዲሁ ነው የተጫወተው። በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተይዞ ከእስርና ከጦር ሠራዊት ምረጥ ሲባል ሠራዊቱን መረጠና የ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ፓራሹተኛ ሆነ። በ1962 ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ዘፋኞች፣ ለነሊትል ሪቻርድ፣ ከኋላ ቆሞ እየመታ ዓመታት አሳለፈ።

ቻስ ቻንድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ኒው ዮርክ ውስጥ አግኝቶት ሴፕቴምበር 1966 ወደ ለንደን ወሰደው። አገሩ ላይ ዞር ብሎ ያላየው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የአውሮፓ መነጋገሪያ ሆነ። አሜሪካ በደንብ ያወቀችው በ1967 ክረምት፣ ከውጭ ዝነኛ ሆኖ ከተመለሰ በኋላ ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም።

ለንደን ውስጥ አብዛኛውን ሥራውን የቀረጸለት ኤዲ ክሬመር ነው፤ እሱም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ስደተኛ። ያኔ ቴፑ አራት መስመር ብቻ ነበረው። ከበሮው፣ ቤዙና ጊታሩ ሲሞሉት፣ ሁሉንም አዋህዶ ወደ ሌላ ቴፕ በመገልበጥ ለአዲስ ድምፅ ቦታ ይከፈታል፤ በተገለበጠ ቁጥር ግን «ሽ» የሚለው የቴፑ ድምፅ ይጨምራል። ሁለተኛው አልበም «አክሲስ፦ ቦልድ አዝ ላቭ» አልቆ ሳለ ሄንድሪክስ የአንደኛውን ገጽ ዋና ቴፕ ታክሲ ውስጥ ረስቶ ወረደ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በአንድ ሌሊት ገጹን እንደገና አቀናበሩት። አንዱን ዘፈን ግን እንደ ፊተኛው ማድረግ አቃታቸውና ቤዝ ተጫዋቹ ኖኤል ሬዲንግ ቤቱ ያስቀመጠውን ቅጂ አመጡ። ቴፑ ተጨማዶ ስለነበር በካውያ ተኮሱት! ዛሬ በሺህ ክሮና የጆሮ ማዳመጫ የምንሰማው ካውያ ያለፈበትን ቴፕ ነው።

ወደ ስቶክሆልም ልመለስ። ኮንሰርትሁሴት ሲመጣ ሰውየው ደክሞት ነበር፤ ከሬዲንግ ጋር ያለው ግንኙነትም ሻክሮ በዚያው ዓመት ተለያዩ። ድካሙ ከቅጂው ይሰማል፤ ጊታሩ ከቃና ወጥቶ ቆም ብሎ ሲያስተካክል ይሰማል። በዚያ ምሽት ሙዚቃውን ለአሜሪካውያን ከድተኞች ማኅበር አበረከተ። እነዚህ ከቬትናም ጦርነት የሸሹ ወታደሮች ሲሆኑ ከእነሱ አራቱ ስዊድን የገቡት በዲሴምበር 1967 ነው። የቀድሞ ፓራሹተኛ ጥገኝነት ለጠየቁ ወታደሮች ሲጫወት ማሰብ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣው ኦገስት 31 ቀን 1970 ነው። በዚያው ሌሊት እንግሊዝ ውስጥ በአይል ኦፍ ዋይት በብዙ መቶ ሺህ ሰው ፊት ተጫውቶ፣ ማታውን ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት ግሮና ሉንድ መድረክ ላይ ቆመ። ከ18 ቀን በኋላ ለንደን ውስጥ የእንቅልፍ ኪኒን ወስዶ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር፤ ኑዛዜም አልተወም።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቀሩት ቴፖች አላን ዳግላስ በሚባል አዘጋጅ እጅ ገቡ። በ1975 «ክራሽ ላንዲንግ» የሚባል አልበም አወጣ፤ የሄንድሪክስን ጊታርና ድምፅ አስቀርቶ፣ ጓደኞቹ የተጫወቱትን ከበሮና ቤዝ አውጥቶ፣ በተቀጠሩ ሙዚቀኞች አስተካው። ሄንድሪክስ አይቷቸው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት ይሰማል። ይባስ ብሎ ዳግላስ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የራሱን ስም በደራሲነት ጨመረ። ባያወጣቸው ኖሮ ተረስተው ይቀሩ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ተረስቶ የቀረ ቴፕ ቢያንስ ንጹሕ ነው። እኛም ዘንድ የድሮ ዘፈን ላይ ኪቦርድ እየደረቡ አዲስ ነው ብለው ሲሸጡ ሰምተናል። በአንጻሩ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ«ኤትዮፒክስ» የድሮ ሸክላዎቻችንን ሲያሳትም ሌላ ሙዚቀኛ አልጨመረባቸውም።

አባትየው ተከራክሮ መብቱን ያስመለሰው በ1995 ነው። በ1997 ክሬመር ራሱ ከጆርጅ ማሪኖ ጋር ሆኖ ከዋናዎቹ ቴፖች አልበሞቹን እንደገና አዘጋጀ። ሪማስተር ማለት ይህ ነው፤ ቀድሞ የተቀናበረውን ዋና ቴፕ ፈልጎ በጥሩ መሣሪያ እንደገና መገልበጥ፣ የወፍራምና የቀጭን ድምፁን ሚዛን ማስተካከል። ሙዚቀኛ አይቀየርም። ይህም ቢሆን ጣጣ አለው። በዚያን ዘመን ሲዲ አሳታሚዎች ድምፅ በማስጮህ ይፎካከሩ ስለነበር ብዙ የታደሱ ሲዲዎች ላይ ዝግ ያለውና የሚጮኸው ክፍል እኩል ሆኗል። «ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ» በ2018፣ በ50ኛ ዓመቱ፣ በበርኒ ግሩንድማን እጅ እንደገና ታድሷል።

የትኛው እንደሚሻል ራሳችሁ መፍረድ ከፈለጋችሁ አንድ ነገር አድርጉ፤ የሁለቱን ቅጂ ድምፅ መጀመሪያ እኩል አድርጉት። ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ ይመስለዋልና። የኮንሰርትሁሴቱን ቅጂ ካገኛችሁ ደግሞ ጊታሩን ሲያስተካክል የሚሰማበትን ቦታ አትዝለሉት።

ቸር ሰንብቱ።