ቅጽበትን የያዙ መሐንዲስ፦ ሃሮልድ ኤጀርተን

ሃሮልድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ1903 በአሜሪካ፣ በነብራስካ ግዛት ተወለዱ። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተመረቁ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብተው በ1931 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያም የኤሌክትሪክ ሞተርን ጠባይ ሲመረምሩ፣ ብርሃን ከዙሩ ጋር እየተመጣጠነ ብልጭ ሲል የሚሽከረከረው አካል የቆመ መስሎ እንደሚታይ አስተዋሉ። የሕይወታቸው ሥራ የተነሣው ከዚህ ነው።

የዘመኑ የካሜራ መዝጊያ እጅግ ፈጣን ለሆነ ነገር ዘገምተኛ ነበር። ኤጀርተን ግን ፍጥነቱን ከመዝጊያው ሳይሆን ከብርሃኑ ፈለጉት። በኮንደንሰር የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ጋዝ በያዘ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ባንድ ጊዜ ሲለቀቅ፣ ዕድሜው በሚሊዮንኛ ሴኮንድ የሚለካ ብልጭታ ይሰጣል። በጨለማ ክፍል መዝጊያው ተከፍቶ ይቆያል፤ ፎቶግራፉን የሚቀርጸው ብልጭታው ነው። የወተት ጠብታ ሲወድቅ የሚሠራው ዘውድ፣ በ1964ም ፖም በስታ የምታልፍ ጥይት በዚሁ ዘዴ ታዩ።

ይሁን እንጂ ብልሃቱ ለውበት ብቻ አልዋለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላትን ይዞታ በሌሊት ከአውሮፕላን ለማንሣት አገልግሏል። ከጦርነቱም በኋላ ኤጀርተንና ባልደረቦቻቸው የኑክሊየር ፍንዳታን የመጀመሪያ ቅጽበት የሚይዝ ካሜራ ሠሩ። እዚህ ላይ ብርሃኑ ከፍንዳታው ስለሚገኝ መፍጠን የነበረበት መዝጊያው ነው፤ ስለዚህ ተንቀሳቃሽ አካል ሳይኖረው በማግኔት ኃይል ብርሃንን የሚያሳልፍና የሚከለክል ሆኖ ተሠራ።

ኤጀርተን ከባሕር ተመራማሪው ከዣክ ኩስቶ ጋርም ሠርተው ብልጭታቸውን ወደ ጥልቅ ውኃ አወረዱ። በ1990 ዐረፉ። ዛሬ ፈጣን ካሜራዎች የመኪና ግጭትንና የብረት ስንጥቅን ይመረምራሉ። መሣሪያው ግን የሚያየውን አይመርጥም፤ ምርጫውና ኃላፊነቱ የባለሙያው ነው።