ኤድዋርድ ሩፔልና የደጋ ረግረግ አእዋፍ

ስለ ኢትዮጵያ አራዊትና አእዋፍ ለሚደረገው ጥናት መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። አስቀድሞ የታሰበለት ሞያ ንግድ ነበር፤ ነገር ግን በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ያደረገው ጉዞ ልቡን ወደ ተፈጥሮ ጥናት ስለ ሳበው፣ በኢጣልያ የዕፀዋትና የእንስሳት ትምህርት ተከታተለ።

በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ በኩል ገብቶ የሰሜንን ተራሮች በማቋረጥ ጎንደር ደረሰ፤ ጣና ሐይቅንም አጠና። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ መንገዱ አስጊ ነበር። ሆኖም ከእንስሳቱ ጋር የግዕዝ ብራናዎችንም ሰብስቦ ለትውልድ ከተማው አበረከተ። በ1835 ለዋልያና ለጭላዳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ የአገሬውን መጠሪያ መጠበቁ፣ የባላገሩን ዕውቀት ማክበሩን ያስረዳል። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

በ1845 ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ አእዋፍ ባሳተመው መጽሐፍ ክንፈ ሰማያዊዋን ዝይ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ይህች ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች፣ ረግረጎችና የሣር መስኮች በቀር በዱር የምትኖርበት ሌላ አገር የለም።

ሩፔል የዘመኑ ሰው ነበርና ወፉን የሚያጠናው በጠመንጃ ገድሎ ነው። የዛሬው ባለሙያ ግን በአጉሊ መነጽር እያየ ይቆጥራል። ይሁንና ጥበቃ የሚጀምረው የሚጠበቀውን ለይቶ ከማወቅ ስለ ሆነ፣ ውለታው አይካድም።

ስም ብቻውን ግን መኖሪያ አይሆንም። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ይህ በግልጽ ይታያል። በወረታ ዙሪያ የሩዝ እርሻ ከ1980ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ ለገበሬው ጥሩ ገቢ አስገኝቷል። በአንጻሩ ዘውድ ያላት ጥቁር ክሬን የምትመገብባቸው የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ውኃቸው ለመስኖ እየተሳበ፣ ዳርቻቸውም እየታረሰ እጅግ ጠበዋል። ጉዳቱም በወፍ ብቻ አይወሰንም፤ ዝነኛው የፎገራ ከብት የሚግጠው ያንኑ የረግረግ ሣር ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ መልካም ጅምር ነው፤ የበጋው ውኃ ለእርሻ፣ ለከብትና ለአእዋፍ በስምምነት ካልተከፋፈለ ግን መዝገቡ ብቻውን አያድንም።

ሩፔል በ1884 በ90 ዓመቱ በፍራንክፈርት ዐረፈ። የሰበሰባቸው አእዋፍ በዚያው ከተማ በሴንክንበርግ ሙዚየም ይጠበቃሉ። በሕይወት ያሉትን መጠበቅ ግን ረግረጉ ባለበት አገር የሚገኙ ባለሙያዎች ፈንታ ነው።